የጄኔራል ጎርደንን ሕይወት ለመመርመር፦ ከትዝታ መጽሐፉ፣ ከጦር ሪፖርቱ ወይስ ከምስክርነት ቃሉ እንጀምር?

ጆን ብራውን ጎርደን በ1832 ጆርጂያ ውስጥ ተወለደ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ሕግ አጥንቶ ጥብቅና ሞከረ፤ ቆይቶም ከአባቱ ጋር ወደ ድንጋይ ከሰል ሥራ ገባ። የጦር ትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጥ በ1861 የተራራ አገር በጎ ፈቃደኞችን አስከትሎ በሻምበልነት ኮንፌደሬቱን፣ ማለትም ከአሜሪካ ተገንጥለው ሰሜኑን የወጉትን የደቡብ ክፍለ ግዛቶች፣ ተቀላቀለ። በ1865 የኮንፌደሬቱ ጄኔራል የሮበርት ሊ ጦር ቨርጂንያ ውስጥ አፖማቶክስ ላይ እጁን ሲሰጥ ጎርደን የአንድ ኮር (ብዙ ክፍለ ጦሮችን የያዘ ጦር) አዛዥ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ለጆርጂያ ገዥነት ተወዳድሮ በሩፈስ ቡሎክ ተሸነፈ። ሽንፈቱ ግን ከፖለቲካው አላራቀውም፤ ከ1873 እስከ 1880 ሴናተር፣ ከ1886 እስከ 1890 ገዥ፣ ከ1891 እስከ 1897 እንደገና ሴናተር ሆነ። የኮንፌደሬት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበርንም ከ1890 አንሥቶ በ1904 እስኪሞት ድረስ መርቷል።

እንዲህ ያለ ሰው የሚተወው ወረቀት ብዙ ነው። ስለዚህ የተመራማሪው ችግር የሰነድ እጥረት ሳይሆን የቱን አስቀድሞ ማንበብ እንዳለበት መወሰን ነው። መጀመሪያ ያነበባችሁት ሰነድ ኋላ የምታነቡትን ሁሉ ቀለም ይቀባዋልና ቅደም ተከተሉ ቀላል ነገር አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከሰውዬው የትዝታ መጽሐፍ ነው፤ በቀላሉ ይገኛል፣ አነባበቡም ይጥማል። እኔ ግን በ1871 ለኮንግረስ ኮሚቴ በመሐላ ከሰጠው ቃል እንድትጀምሩ ነው የምመክረው። ምክንያቴን ሰነዶቹን እያነጻጸርኩ አስረዳለሁ።

የትዝታ መጽሐፉ ወይስ የዘመቻ ሪፖርቱ?

ጎርደን ትዝታውን ያሳተመው በ1903 ማለትም ከጦርነቱ 38 ዓመት በኋላ፣ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት በየከተማው እየዞረ ስለ ኮንፌደሬቱ የመጨረሻ ቀናት ንግግር ሲያደርግ፣ አዳራሽ ሲሞላና ሲያስጨበጭብ ኖሯል። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ታሪኮች ሕዝብ ፊት ተሞክረው የተወደዱት ናቸው። ፉካሪ በየድግሱ የሚደጋግመውን ጀብዱ በየጊዜው እንደሚያሳምረው ማለት ነው፤ ውሸት ነው ባይባልም፣ ከተደረገበት ቀን ይልቅ ለተነገረበት ቀን ይቀርባል።

በ1862 አንቲታም ላይ የቆሰለበትን ታሪክ ውሰዱ። በአንድ ቀን አምስት ጥይት ተመታ፤ አምስተኛው ፊቱን አገኘው። መጽሐፉ እንደሚለው ፊቱ ባርኔጣው ውስጥ ተደፍቶ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ባርኔጣውን አስቀድሞ ጥይት ባይበሳው ኖሮ በገዛ ደሙ ታፍኖ ይሞት ነበር። አምስት ቦታ መቁሰሉ የማያከራክር ነው፤ በጉንጩ ላይ የቀረውን ጠባሳ ከፎቶግራፎቹ ማየት ይቻላል። የባርኔጣው ነገር ግን ከእሱ አንደበት ውጭ መስካሪ የለውም። ሁለቱን ዓይነት መረጃ ለያይቶ መጻፍ የተመራማሪው ሥራ ነው።

በ1863 ጌቲስበርግ ላይ የሆነው የበለጠ ያስተምራል። ጎርደን በጦር ሜዳ ቆስሎ ለወደቀው የሰሜን ጄኔራል ለፍራንሲስ ባርሎው ውኃ እንዳጠጣው፣ ለሚስቱም መልእክት እንዳደረሰለት ይተርካል። ሁለቱ ኋላ አንዱ ሌላውን ሞቷል ብሎ ሲያምን ኖረው፣ ከዓመታት በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ የእራት ግብዣ ላይ ተገናኙ ይለናል። ሰሜንና ደቡብ ለመታረቅ በሚጣጣሩበት ዘመን ከዚህ የሚጥም ወሬ አይገኝም ነበር። አሁን ወደ ዘመቻ ሪፖርቱ ተመለሱ። ጎርደን ያንኑ በጋ ለአለቆቹ በጻፈው ሪፖርት ባርሎው ክፉኛ ቆስሎ መማረኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ ያልፋል። ውኃም፣ መልእክትም፣ ሚስትም የሉም። ከዚህም በላይ በ1865 የጸደይ ወር፣ ሊ እጁን ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የባርሎው ክፍለ ጦርና የጎርደን ወታደሮች ቨርጂንያ ውስጥ ሃይ ብሪጅ በተባለው ድልድይ አካባቢ ፊት ለፊት ተዋግተዋል። ሞቷል የሚባል ጠላት ጦር እየመራ ሲመጣ አለመታወቁ ይከብዳል። በሌላ በኩል ታሪኩ ባርሎው በሕይወት ሳለ ነው በጋዜጣ መውጣት የጀመረው። ስለዚህ ፍርዱ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፤ ፍጹም ፈጠራ ነው ለማለት የሚቸኩሉትንም አልከተልም። የእኔ ግምት ትንሽ እውነተኛ ደግነት ላይ ብዙ ንግግር ተጨምሮበታል የሚል ነው።

የዘመቻ ሪፖርቶቹ የሚገኙት የአሜሪካ ጦር ሚኒስቴር ከ1880 እስከ 1901 በ128 መጻሕፍት ባሳተመው የሁለቱም ወገን ይፋ ሰነዶች ስብስብ ውስጥ ነው። ሙሉው በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ። ትልቁ ጥቅሙ ለነገሩ ቅርብ መሆኑ ነው፤ ብዙው ሪፖርት በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ የተጻፈ ነው። ሪፖርት ግን ለአለቃ የሚጻፍ መሆኑን አትርሱ። የራስ ብርጌድ ሁልጊዜ በጀግንነት ይዋጋል፤ የጠላት ሙታን ቁጥር ሁልጊዜ ይበዛል። ጎርደን ጌቲስበርግ ላይ ወደ 1,200 ሰው ይዞ ገብቶ 350 ሞተውና ቆስለው እንደተጎዱበት ጽፏል። የራሱን ጉዳት የተናገረበትን ቁጥር አምናለሁ፤ የጠላትን ጉዳት የገመተበትን ግን ከሰሜኖቹ ሪፖርት ጋር ሳላስተያይ አልወስድም።

ለወታደራዊው ሕይወት እንግዲህ ምርጫዬ ሪፖርቱ ነው፤ መጽሐፉ ይከተለው። ማዕረጉን ለማጣራት ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያለው የኮንፌደሬት ጄኔራሎችና የጠቅላይ መምሪያ መኮንኖች የአገልግሎት መዝገብ ይሻላል። ጎርደን በኋላ ዘመን ወደ ሌተናል ጄኔራልነት ከፍ ብያለሁ ይል ነበር፤ ያንን የሚያረጋግጥ የሹመት ሰነድ ግን አልተገኘም። በሰነድ የተረጋገጠው የመጨረሻ ማዕረጉ ሜጀር ጄኔራል ነው። ብዙ የመታሰቢያ ጽሑፍ ይህን ሳያጣራ ይገለብጣል።

ለእኛ አንባቢ የኮንፌደሬት መኮንን ትዝታ ሩቅ ነገር አይደለም። በ1876 ጉራ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጦር ጋር የገጠመው የግብፅ ሠራዊት ኤታማዦር ሹም ዊልያም ሎሪንግ የቀድሞ የኮንፌደሬት ጄኔራል ነበር፤ አንድ ክንዱን ከዚያ በፊት በሜክሲኮ ጦርነት አጥቷል። በ1884 ባሳተመው ትዝታ የሽንፈቱን ጥፋት በዋናው አዛዥ በራቲብ ፓሻ ላይ ይጭናል። ሠራዊቱ ከምሽግ ወጥቶ ሜዳ ላይ እንዲዋጋ አዛዡን የገፋፋው ግን ሎሪንግ ራሱ ነበር የሚለውን ከሌላ ምንጭ ነው የምናገኘው። ጉራን የሚያውቅ ሰው ጎርደንን ሲያነብ ጥንቃቄው አይጠፋውም።

ምስክርነቱ ወይስ ጋዜጣው?

መጽሐፉ አፖማቶክስ ላይ ያበቃል። ጎርደንን ፖለቲከኛ ያደረጉት ዓመታት የሚጀምሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ነጻ የወጡ ጥቁሮች መምረጥና መመረጥ የጀመሩበትን፣ በ1868 የጆርጂያ ምክር ቤት ጥቁር አባላቱን ያባረረበትን፣ ጥቁሮችንና ደጋፊዎቻቸውን የሚያሸብረው የነጮች የምስጢር ድርጅት ኩ ክለክስ ክላን በሌሊት የሚዘምትበትን ዘመን ለማወቅ የትዝታ መጽሐፉ አይረዳችሁም። የምርጫው ጥያቄ ወሳኝ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

በ1871 የኮንግረሱ ሁለት ምክር ቤቶች በጋራ ያቋቋሙት ኮሚቴ በደቡብ ስላለው ሽብር ምስክሮችን መስማት ጀመረ። ቃሉ በ1872 በ13 ቅጽ ታተመ፤ ሁለቱ ቅጾች የጆርጂያ ናቸው። ጎርደን በጁላይ 1871 ዋሽንግተን ቀርቦ በመሐላ ተጠየቀ። ኩ ክለክስ የሚባል ድርጅት አላውቅም አለ። በዚያው ቃሉ ግን በ1868 በጆርጂያ ስለነበረ አንድ የምስጢር ማኅበር ተናገረ፤ ራሱም እንዲገባ ተጠይቆ ነበር። ንብረት ያላቸው፣ ሕግ አክባሪ ሰዎች ራሳቸውን ለመከላከል ያቋቋሙት ነው አለ። ዓላማው ሲነገረው ከልቡ ደግፎታል፤ ያው ሁኔታ ቢደገም ዳግም እንደሚደግፈውም ለኮሚቴው አስመዘገበ። ጎርደን የጆርጂያ ክላን መሪ ነበር ተብሎ በብዙ ቦታ ይጻፋል። እሱ በመሐላ ያመነው እስከዚህ ብቻ ነው። ተመራማሪው ሁለቱን አቀላቅሎ አንድ ማድረግ የለበትም፤ ያመነው በራሱ ከበቂ በላይ ይናገራል።

የዚህ ሰነድ ኃይል ጎርደን ብቻውን አለመናገሩ ነው። የግሪን ካውንቲው የምክር ቤት አባል ኤብራም ኮልቢም ቃሉን ሰጥቷል። በባርነት ተወልዶ ነጻ የወጣና በሕዝብ የተመረጠ ሰው ነው። መጀመሪያ ወደ ተቃዋሚዎቹ ወገን እንዲዞር 5,000 ዶላር ቀረበለት፤ እምቢ አለ። በ1869 የክላን ሰዎች በሌሊት በሩን ሰብረው ከቤቱ አውጥተው ጫካ ወሰዱት፤ ለሰዓታት ገረፉት፤ ሞቷል ብለው ትተውት ሄዱ። ገራፊዎቹ እነማን ነበሩ ሲባል ከከተማው የተከበሩ ሰዎች እንደነበሩባቸው ተናገረ፤ በየሙያቸው እየለየ ጠቀሳቸው። ጎርደን «ንብረት ያላቸው ሰላማዊ ሰዎች» የሚለው መግለጫ ምን እንደሚሸፍን ለመመዘን ኮልቢን ጎን ለጎን ማንበብ ነው። ይህን ዕድል ሌላ የሰነድ ዓይነት አይሰጥም፤ በትዝታ መጽሐፉ ውስጥ ጥያቄ የሚያቀርብለት ሰው የለም፣ ኮልቢም የለም።

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ኮሚቴው ራሱ በፓርቲ የተከፈለ ነበር፤ ሪፐብሊካኑ አንድ መልስ ሲፈልግ ዴሞክራቱ ሌላውን ለማውጣት ይጠይቃል። ከመልሱ በፊት ጠያቂው የየትኛው ወገን እንደሆነ እዩ።

ጋዜጣውስ? ለንግግርና ለምርጫ ዘመቻ ጋዜጣን የሚተካ የለም። ጎርደን በ1868 ቻርልስተን ውስጥ ለጥቁር አድማጮች ያደረገው ንግግር በጋዜጣ ባይታተም አናውቀውም ነበር። ከነጮች ጋር በሰላም ከኖራችሁ የወዳጅነት እጅ እንዘረጋለን፣ የዘር ጦርነት ከከፈታችሁ ግን ትደመሰሳላችሁ የሚል ነበር። የጎርደንን ፖለቲካ በአንድ ትንፋሽ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ አላየሁም፤ እርቁና ዛቻው አብረው ነው የሚመጡት። ችግሩ የአትላንታው ትልቅ ጋዜጣ ኮንስቲቱሽን በሄንሪ ግሬዲ ዘመን የጎርደን ደጋፊ መሆኑ ነው፤ በ1886 ለገዥነት ሲወዳደር ግሬዲ ራሱ የዘመቻው ዋና ሰው ነበር። ስለዚህ ከአትላንታ ጋዜጣ ጋር የማኮንን ወይም የኦገስታን፣ ቢቻል ደግሞ የሰሜኑን አንድ ጋዜጣ አስተያዩ።

የኮንግረስ ቃለ ጉባኤ ወይስ የግል ደብዳቤ?

የኮንግረሱ ውሎ የሚታተምበት ይፋ መዝገብ ዛሬ ባለው መልኩ የጀመረው ጎርደን ሴኔት በገባበት በማርች 1873 ነው፤ ስለዚህ የሴኔት ሕይወቱን ከመጀመሪያው ቀን በአንድ ተከታታይ ስብስብ ማግኘት ይቻላል። አባላት ንግግራቸውን ከመታተሙ በፊት ማረም ይችሉ ስለነበር ከንግግሩ ይልቅ የሰጠውን ድምፅ ማየት ያዋጣል። ሌላ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር፦ እስከ 1913 ሴናተር የሚመርጠው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ነበር። ጎርደን በ1873 የቀድሞውን የኮንፌደሬት ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስን ያሸነፈው በሕዝብ ድምፅ ሳይሆን በምክር ቤቱ ውስጥ ስለሆነ፣ ውጤቱን ከጆርጂያ ምክር ቤት መዝገብ ነው የምትፈልጉት።

በ1880 ድንገት ሴኔቱን ለቆ ሲወጣ ገዥው አልፍሬድ ኮልኩት ቦታውን ለጆሴፍ ብራውን ሰጠው፤ ጎርደንም ወደ ባቡር ሐዲድ ኩባንያ ሥራ ገባ። በዚያው ሰሞን ድርድር አለበት ተብሎ ተጮኸ። ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ይፋው መዝገብ ዝም ይላል፤ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የጎርደን ቤተሰብ ወረቀቶች በአቴንስ በሚገኘው የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ሀርግሬት ቤተ መጻሕፍት አሉ። ደብዳቤ ላይ ብቻ መንጠልጠል ግን ለጎርደን አይሆንም፤ የእሱ ስጦታ መድረክ ነበር። የቨርጂንያውን ዊልያም ማሆንን ብትመርጡ ምክሬ ይገለበጣል። ማሆን ከ1864ቱ የክሬተር ውጊያ ጄኔራልነት ተነሥቶ የጥቁርና የነጭ መራጮችን ያጣመረ ፓርቲ ያቆመና በ1881 ሴኔት የገባ ሰው ነው፤ ፓርቲውን የሚመራው ደብዳቤ እየላከና እየተቀበለ ነበር። ዱክ ዩኒቨርሲቲ ያለው የወረቀቶቹ ክምችት እጅግ ሰፊ ነው። እዚያ ደብዳቤው ይቅደም።

ስለ ገንዘቡና ስለ ባርነት የሚነግሯችሁ ደረቅ መዝገቦች ናቸው። በ1860 ቆጠራ ለብቻው የተዘጋጀ የባሮች ዝርዝር አለ፤ የጌታውን ስም ከጻፈ በኋላ የባሮቹን ዕድሜና ጾታ እንጂ ስማቸውን አይጽፍም። በጎርደን ስም የተመዘገበችው አንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድ ናት። የእስረኛ ኪራዩ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ጆርጂያ በ1876 ባወጣችው ሕግ እስረኞቿን፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ ለሦስት ኩባንያዎች ለ20 ዓመት አከራየች፤ ጎርደን በአንደኛው ውስጥ ድርሻ ነበረው። ኋላ ገዥ ሲሆን ይህን ሥርዓት የሚቆጣጠረው እሱ ሆነ። ይህን በቀድሞ ወታደሮች ማኅበር መጽሔትና በመታሰቢያ ንግግሮች ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙም፤ የክፍለ ግዛቱ እስር ቤት ሪፖርቶች ውስጥ ግን ኩባንያዎቹም የሞቱት እስረኞችም ተመዝግበዋል።

በነፃ፣ በክፍያ ወይስ በአካል?

ክፍያ ከመጀመራችሁ በፊት ነፃውን ጨርሱ። የምስክርነት ቅጾቹ፣ የዘመቻ ሪፖርቶቹና የትዝታ መጽሐፉ በሀቲትረስትና በኢንተርኔት አርካይቭ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አሉ። ጋዜጦቹን ለማግኘት የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ክሮኒክሊንግ አሜሪካና የጆርጂያ ታሪካዊ ጋዜጦች ድረ ገጽ አሉ፤ ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ፋሚሊሰርች የሕዝብ ቆጠራውን መዝገብ በነፃ ያሳያል። በክፍያ የሚሠሩት ፎልድስሪና አንሰስትሪ የሚጠቅሙት በተለይ ለአገልግሎት መዝገብና ከ1865 ወዲህ ለፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን የቀረቡ የምሕረት ማመልከቻዎችን ለመፈለግ ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ ገንዘብ ሳታወጡ የካውንቲያችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ለአባላት እነዚህን ከፍለው ይሰጣሉ። ጡረታ መዝገብ ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ፤ የኮንፌደሬት ወታደር ጡረታ የሚከፍሉት ክፍለ ግዛቶቹ እንጂ የፌደራሉ መንግሥት አልነበረም፤ እሱም ለችግረኛ የሚሰጥ እንጂ ለሴናተር አይደለም።

ስም ስትፈልጉ ተጠንቀቁ። የሰሜን ካሮላይናው ጄምስ ጎርደን የኮንፌደሬት ፈረሰኛ ጄኔራል ሲሆን በ1864 ሞቷል። የቴኔሲው ጆርጅ ጎርደን ደግሞ ጄኔራልም፣ ኋላ የኮንግረስ አባልም፣ የዚያው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር መሪም ነበር፤ ከእኛው ሰው ጋር የሚያምታታው እሱ ነው። ኦገስታ አጠገብ ያለው የጦር ሰፈር በጆን ጎርደን ስም ሲጠራ ኖሮ በ2023 ፎርት አይዘንሃወር ተባለ፤ በ2025 ጎርደን የሚለው ስም ሲመለስ ግን የተሰየመው በ1993 ሞቃዲሾ ላይ በሞተው በጌሪ ጎርደን ነው። በጋዜጣ ፍለጋ የሚስቱን ስም ፋኒ ሃራልሰንን ወይም 6ኛ አላባማ የሚለውን ሬጅመንቱን ጨምሩበት፤ ዝርዝሩ ወዲያው ይጠራል።

በአካል መሄድ የሚያስፈልገው ላልታተመው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ጥያቄያችሁ ከጠራ በኋላ። ዋሽንግተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱም የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍቱም በሜትሮ የምትደርሱባቸው ናቸው፤ የአንባቢ ካርድ በመታወቂያ በነፃ ይሰጣል። አትላንታ፣ ክላርክስተን ወይም ዲኬተር ያላችሁ የበለጠ ዕድለኞች ናችሁ። የጆርጂያ ቤተ መዛግብትና የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ የአትላንታ ቅርንጫፍ ሁለቱም ሞሮው ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። የገዥነት ዘመኑን ወረቀቶችና የእስር ቤት ሪፖርቶቹን በመጀመሪያው፣ የደቡብ ምሥራቅ ፌደራል ፍርድ ቤቶችን መዝገብ በሁለተኛው ትጠይቃላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የመዝገቡን መለያ ቁጥር ከድረ ገጻቸው ይዛችሁ ኢሜይል ጻፉላቸው፤ ሳጥኑ አስቀድሞ ከወጣላችሁ ቀኑን ሙሉ ታነባላችሁ።